ባርኔጣው ስንት ነው?

ባርኔጣውን የገዛሁት በ45 ዶላር ነው። ጥቁር፣ አናቱ ጠፍጣፋ፣ ክፈፉ አጭር። ሀገር ቤት «ሰልቫጅ» የምንለውን እዚህ ዋሽንግተን «ቪንቴጅ» ይሉታል። የዋጋው ልዩነት ቃሉ ላይ ነው ያለው። አድርጌው ቤት ስገባ ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና «ማን ሞተ?» አለች።

ማንም አልሞተም አልኳት። ልክ አልነበርኩም። ባርኔጣው የሟች ነው፤ ቢያንስ አምሳያው። ሌስተር ያንግ የሚባል ሳክስፎን ተጫዋች ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ባርኔጣ መታወቂያው ነበር ማለት ይቻላል። በ1959 ሞተ፤ ገና 49 ዓመቱ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ታዲያ አዲስ አበባ ተወልዶ ላደገ፣ የሁለት ልጆች አባት ለሆነ ሰው የሌስተር ያንግ ባርኔጣ ምን ያደርግለታል? ባለቤቴ ይህንኑ ጠይቃኛለች፤ ቃላቷ ግን ትንሽ ጠንከር ያሉ ነበሩ። እስካሁን ደህና መልስ አልሰጠኋትም።

ጃዝ የለከፈኝ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። እዚህ ከተማ የመጣ አበሻ ወይ ታክሲ ነድቷል፣ ወይ ፓርኪንግ ሠርቷል፣ ወይ ሁለቱንም። የኔ ዕጣ ዩ ስትሪት አጠገብ የማታ ሽፍት ነበር። የምቀመጥባት ክፍል አንድ ወንበር፣ አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ቁልፍ የሚሰቀልበት ሰሌዳና አንቴናው በሽቦ የተጠገነ ሬዲዮ ነበራት። ከኔ በፊት የነበረው ልጅ ሲያስረክበኝ «ሬዲዮኑን እንዳትነካው፤ ከነካኸው ሌላ አይዝልህም» አለኝ። የያዘው 89.3 ነበር፤ ጃዝ የሚያሰማው የከተማው ጣቢያ።

መጀመሪያ አልወደድኩትም። ገና መሣሪያ እየቃኙ ያሉ ይመስለኝ ነበር። «አሁን ይጀምራሉ» ብዬ ስጠብቅ ጭብጨባ እሰማለሁ፤ ለካ ጨርሰዋል።

አርብ አርብ የሚመጡ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። አሮጌ ቢዩክ ይነዳሉ። ቁልፋቸውን ለማንም አይሰጡም፤ ራሳቸው ናቸው መኪናውን የሚያቆሙት። በልቤ «ጋሼ» እላቸው ነበር፤ እንደ ሀገሩ ልማድ በስም ብቻ መጥራት አፌ እምቢ ብሎኝ። አንድ ማታ ሊከፍሉ መስኮቱ ጋ ቆመው ሳለ ሬዲዮኑ ላይ ፒያኖ መጣ። ልክ ከደረጃ ሲወርድ አንዱን እርከን እንደሳተ ሰው እየተንገዳገደ የሚሄድ ፒያኖ። ጣታቸውን አነሱና «ቆይ» አሉኝ። መልሳቸውን እንደያዝኩ ሁለታችንም ቆምን። ሲያልቅ «መንክ» አሉ። ሌላ ምንም አልተናገሩም። መልሱን ትተውልኝ ሄዱ።

በሚቀጥለው አርብ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌ ጠበቅኳቸው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የገባኝ በቁርጥራጭ ነው። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ ከኋላቸው ያለው መኪና ክላክስ እስኪያደርግ። 11ኛው መንገድና ዩ ስትሪት የሚገናኙበት ጥግ ላይ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ግድግዳው እንደ ዋሻ የተሠራ ክለብ ነበር፤ ቦሂሚያን ካቨርንስ ይባላል። ጋሼ ወጣት እያሉ እዚያ ነው ያመሹት። ፒያኒስቱ ራምሲ ሉዊስ በ1965 እዚያው ቤት ከነታዳሚው ጫጫታ ሸክላ ቀድቷል፤ ሸክላውም በመላው አሜሪካ ገንኖ ነበር። «ከጭብጨባው አንዱ የኔ ነው» ይሉኝ ነበር። ማን ያስተባብላል?

እኔ ጥብስ የምበላበት ሰፈር ያኔ ምን እንደነበረ ያወቅኩት ከሳቸው ነው። ጥቁሮች መሀል ከተማ ካሉት ትልልቅ ቤቶች በር ላይ ይመለሱ በነበረበት ጊዜ የራሳቸውን ቲያትርና ክለብ ዩ ስትሪት ላይ ሠሩ። ታላቁ የጃዝ ባንድ መሪ ዱክ ኤሊንግተን ያደገው እዚሁ አካባቢ ነው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ቁጣው ከዚሁ ተነስቶ ሰፈሩ ተቃጠለ። ለዓመታት ባዶ ሆኖ ቆየ። ኪራዩ ሲረክስ የኛ ሰዎች 9ኛው መንገድ ላይ ምጣድ ጣዱ። ኤሊንግተን ራሱ በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ ከጎኑ ያልተለየው ቦስተንና ኒውዮርክ ተምሮና ሠርቶ የተመለሰው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ብዙም አልደነቃቸውም። «ታዲያ የት ሊሄድ ኖሯል?» አሉ።

እንግዲህ ወደ ቃሉ ልምጣ። በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሰው በሁለት ይከፈል ነበር፤ ሂፕ የሆነና ስኩዌር የሆነ። ፈረንጆቹ ይህን ለማብራራት ብዙ ወረቀት ጨርሰዋል። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ሁለት ቃል ይበቃል። ሂፕ ማለት አራዳ ነው። ስኩዌር ማለት ፋራ። አለቀ።

አራዳ መጀመሪያ ሰፈር ነበር፣ ከዚያ የሰው ዓይነት ሆነ። አራዳ ሀብታም አይደለም፤ ሀብታም ፋራ ሞልቷል። አራዳ ሳይነገረው የሚገባው ነው። የራሱ ቋንቋ አለው፤ ላሽ፣ ፈታ፣ ጀለስ። ቋንቋው ፋራው ጆሮ ሲደርስ አራዳው ጥሎት ሌላ ቃል ያመጣል። ሃርለም የሚባለው የኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር ሰዎችም እንዲሁ ነበሩ። ባንድ መሪው ካብ ካሎዌይ በ1938 የአራዶቹን ቃላት መዝገበ ቃላት ብሎ አሳተመ። አንድ ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ከገባ በኋላ አራዳነቱ ስንት ቀን እንደሚቆይ እናንተው ገምቱ።

ሌስተር ያንግ የራሱ ቋንቋ ነበረው። ገንዘብን «ዳቦ» ይል ነበር፤ እኛ ሥራን «እንጀራ» እንደምንለው። «ኩል» የሚለውን ቃል ካስፋፉት አንዱ እሱ ነው ይባላል። የዓይን ኩል አይደለም፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ ነገር ቢነድ ፊቱ ላይ የማይታይበት ማለት ነው። ክፉውን «ጥሩ»፣ ጥሩውን «ክፉ» ማለትም ነበረ። በሰምና ወርቅ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጌታው ፊት ቆሞ የሚናገር ሰው ወርቁን የሚቀብርበት ሰም ይፈልጋል።

የሙዚቃው ወርቅ የተቀበረው ሃርለም ውስጥ 118ኛው መንገድ ላይ፣ ሚንተንስ ፕሌይሃውስ በሚባል ቤት ነው። ሙዚቀኞቹ አምሽተው በትልልቅ የዳንስ ባንዶች ውስጥ እንጀራቸውን ይሠራሉ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እዚያ ይሰበሰባሉ። ፒያኖው ላይ ቴሎኒየስ መንክ፣ ድራሙ ላይ ኬኒ ክላርክ። ዲዚ ጊለስፒ ትራምፔቱን፣ ቻርሊ ፓርከር ሳክስፎኑን ይዘው ይመጣሉ። ዜማውን ሆን ብለው ያከብዱታል፣ ያፈጥኑታል፤ ያልቻለ ከመድረክ ይውረድ ነው ነገሩ። ቢቦፕ የተባለው የጃዝ ዓይነት ከዚህ ወጣ።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ዛሬ የጃዝ አድማጭ ሲባል በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ብቻ የሚያወዛውዝ ሰው ነው። ከዚህ ምስል ጀርባ ግን ግብርም አለበት። በ1944 የአሜሪካ መንግሥት ዳንስና ዘፈን ባለባቸው ቤቶች ላይ 30 በመቶ ግብር ጣለ፤ በኋላ ወደ 20 ወረደ። መሣሪያ ብቻ የሚሰማበት፣ ሰው የማይደንስበት ቤት ከዚህ ነፃ ነበር። ባለ ክለቡ ምን ያድርግ? መደነሻውን ወንበር ሞላበት። ከዚያ ሁሉ ፍልስፍና ኋላ አንድ ግብር ሰብሳቢም ተቀምጧል ማለት ነው።

የባርኔጣውን ዋጋ ያነሳሁት ግን ለሌላ ነው።

ያኔ ኒውዮርክ ውስጥ መጠጥ በሚሸጥበት ቤት ለመጫወት ከፖሊስ ካርድ ማውጣት ግዴታ ነበር። አሻራ ሰጥተህ። ካርዱ ከተወሰደ እንጀራህ ተወሰደ። ዘፋኟ ቢሊ ሆሊደይ በ1947 በአደንዛዥ ዕፅ ከተፈረደባት በኋላ ካርዷን አጣች። በዓመቱ ካርኔጊ ሆል የሚባለውን ትልቅ የሙዚቃ አዳራሽ ሞልታ ዘፈነች፤ ጥግ ያለች ትንሽ ክለብ ውስጥ መዝፈን ግን አትችልም። መንክ በ1951 ባድ ፓዌል ከሚባል ፒያኒስት ጓደኛው ጋር መኪና ውስጥ ሳለ ፖሊስ ዕፅ አገኘ። ዕፁ የኔ አይደለም ብሎ ጓደኛውን መጠቆም ይችል ነበር። አልጠቆመም። ታሰረ፤ ካርዱንም ለስድስት ዓመት ተነጠቀ። ያን ጊዜ ቤቱን ሠርታ ያኖረችው ሚስቱ ኔሊ ናት። በ1957 ካርዱ ሲመለስለት ፋይቭ ስፖት የምትባል ክለብ ገባ፤ ሳክስፎን ተጫዋቹን ጆን ኮልትሬንን ይዞ ለወራት ተጫወተ። ሰው ደጅ ይሰለፍ ነበር።

ቻርሊ ፓርከር በ1955 ሲሞት 34 ዓመቱ ነበር። ሬሳውን ያየው ሐኪም ዕድሜውን ከ50 በላይ ገመተው። ሄሮይንና መጠጥ የሠሩት ሥራ ነው። ብዙ ወጣት ሙዚቀኞች እንደሱ የሚጫወቱ መስሏቸው ሄሮይኑን ያዙ። ሙዚቃው ቀረባቸው፣ ሄሮይኑ ግን አልቀረም።

ትራምፔት ተጫዋቹን ማይልስ ዴቪስን ግን ሁሌ አስበዋለሁ። «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተባለው ሸክላው ገበያ የወጣው ነሐሴ 1959 ነው። አሁን ካፌ ስትገቡ በቀስታ የሚሰማው እሱ ነው። ከወጣ አንድ ሳምንት አለፍ ብሎት ነበር። ማይልስ በርድላንድ የሚባል ክለብ ይጫወት ነበርና በእረፍት ሰዓት አንዲት ነጭ ሴት ታክሲ አሳፍሮ ደጃፉ ላይ ሲጋራ ያጨሳል። ፖሊስ መጣና ከዚህ ሂድ አለው። «እዚህ ነው የምሠራው» አለ። ከራሱ በላይ የተጻፈውን ስሙንም አሳየ። ሌላ ፖሊስ ከኋላ መጥቶ ጭንቅላቱን መታው። በማግስቱ ጋዜጣ ላይ የወጣው ፎቶ ነጭ ኮቱ በደም ተነክሮ ነው። በክሱ በኋላ ነፃ ወጣ።

«እዚህ ነው የምሠራው።» እኔም ብያለሁ። አንድ ሌሊት ሥራ ዘግቼ የፓርኪንጉ በር ላይ ቆሜ አውቶቡስ ስጠብቅ የጎረቤት ሕንፃ ጥበቃ መጥቶ እዚህ ምን ትሠራለህ አለኝ። ዩኒፎርሜን አላወለቅኩም፤ የድርጅቱ ስም ደረቴ ላይ አለ። አልመታኝም። ስሜን ጻፈና ሄደ። አርብ ለጋሼ ስነግራቸው ብዙ አልተገረሙም። «ፊትህ ላይ አሳየህ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። «አላሳየሁም» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ኩል ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ስታይል አይደለም። ጥርስህን ነክሰህ ፊትህን ማላላት ነው።

እኛ ግን የወደድነው ፎቶውን ነው። ታውቋቸዋላችሁ እነዚያን ፎቶዎች። ጥቁርና ነጭ፣ ከአንድ ወገን የመጣ ብርሃን፣ ላብ፣ ወደ ላይ የሚጥመለመል ጭስ። ብዙዎቹን ያነሳው ፍራንሲስ ዎልፍ የሚባል ከናዚዎች ሸሽቶ ከበርሊን የመጣ አይሁዳዊ ነው። ብሉ ኖት የተባለውን የሸክላ ድርጅት ከሌላው የበርሊን ስደተኛ ከአልፍሬድ ላየን ጋር ነበር የሚያስኬደው። ፎቶዎቹን ቆራርጦ ሽፋን ያደረጋቸው ሪድ ማይልስ ደግሞ ጃዝ ብዙም አይወድም ነበር፤ እሱ ክላሲካል ነው የሚሰማው። ዓለምን ያማለለው ምስል የተሠራው ከባዕድ ዓይንና ከማይሰማ ጆሮ ነው። እኔ ይህን እንደ ነቀፋ አላነሳውም። ሥራቸው እስከ ዛሬ የሚወዳደረው የለም።

አሁን ወደ ቢቶቹ፤ ጃዝን ወደሚያመልኩት የ1950ዎቹ አሜሪካዊ ጸሐፊዎች። ሳልዋሽ ልናገር፣ ገጣሚዎቹን የወደድኩት ከሙዚቀኞቹ ባነሰ ነው። ጃክ ኬሩዋክን ግን አንድ ነገር አቀረበልኝ። የአፍ መፍቻው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ወላጆቹ ከካናዳ የፈለሱ የፋብሪካ ከተማ ሰዎች ናቸው፤ እንግሊዝኛን የለመደው ልጅነቱ አለፍ ካለ በኋላ ነው። በ1951 ወረቀት አቀጣጥሎ 36 ሜትር የሚሆን ጥቅል ሠራና በሦስት ሳምንት ውስጥ ልቦለዱን በታይፕራይተር አወረደው። እንደ ሳክስፎን ተጫዋች በአንድ ትንፋሽ መጻፍ ነበር የፈለገው። የሚያሳትመው አጥቶ ስድስት ዓመት ቆየ። ሰው ሦስቱን ሳምንት ያወራል እንጂ ስድስቱን ዓመት አያወራም።

በ1955 ጥቅምት ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ጋራዥ የነበረ ቤት ውስጥ፣ አለን ጊንስበርግ ረጅም ግጥሙን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበ። ኬሩዋክ አላነበበም። ለወይን ገንዘብ እያዋጣ፣ ጠርሙስ እያዞረ፣ ከሥር «ቀጥል!» እያለ ይጮህ ነበር። አዝማሪ ቤት «በለው!» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም አይደል? እሱ ነው። ግጥሙ ሲታተም ፖሊስ ሲቲ ላይትስ የተባለውን መጻሕፍት ቤት ገብቶ ሻጩን አሰረ። በ1957 ዳኛው ጸያፍ አይደለም ብለው ፈረዱ፤ ከዚያማ መጽሐፉን ማን ይቻለው።

በዚያው ዓመት መስከረም የኬሩዋክ መጽሐፍ ወጣ። ኒውዮርክ የመጣበትን የአውቶቡስ መሳፈሪያ ያበደረችው ጆይስ የምትባል የ21 ዓመት ወጣት ናት። እኩለ ሌሊት ገደማ አብረው ወጥተው ብሮድዌይ ላይ ካለ ጋዜጣ ሻጭ የማግስቱን ጋዜጣ ገዙ። መብራት ሥር ቆመው ስለ መጽሐፉ የተጻፈውን ውዳሴ አነበቡ። ሲነጋ ኬሩዋክ ዝነኛ ነበር። እሷም ደራሲ ነበረች፤ ያንን ሌሊት ከሃያ ዓመት በላይ ቆይታ በራሷ መጽሐፍ ጻፈችው። የዚያን ዘመን ወንዶች ነፃነት ሳነብ ሁሌ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። የቤት ኪራዩን የከፈለው ማነው? ብዙ ጊዜ መልሱ የሴት ስም ነው።

ከዚያ ፋሽኑ መጣ። አንድ የሳንፍራንሲስኮ ጋዜጠኛ በ1958 ስፑትኒክ የሚለውን የሶቪየቶቹን ሳተላይት ስም አስመስሎ «ቢትኒክ» የሚል ቃል ፈጠረ። ኒውዮርክ ውስጥ ደግሞ ቢትኒክ ለፓርቲ የሚያከራይ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ቀልድ አይደለም። ሰው ከነጢሙና ከነጥቁር ሹራቡ ይከራይ ነበር። ኬሩዋክ ራሱ ዝናውን አልቻለውም። እናቱ ቤት ሆኖ ሲጠጣ ኖረ፤ በ1969 በ47 ዓመቱ ሞተ።

ነጭ ጸሐፊዎች ጥቁሩን አራዳ እንዲያ ሲያመልኩት ጥቁሮቹ ምን አሉ? ኖርማን ሜለር በ1957 ስለዚህ ረጅም ጽሑፍ አውጥቶ ነበር፤ ነጩ ሂፕስተር የጥቁሩን አኗኗር ወርሷል የሚል። ጥቁሩ ደራሲ ጄምስ ቦልድዊን ከአራት ዓመት በኋላ መለሰለት። ሁለቱ ፓሪስ ሳሉ አብረው ያመሹ የነበሩት ጥቁር የጃዝ ሙዚቀኞች ሜለርን ይወዱት ነበር፤ አራዳ ነው ብለው ግን ለአፍታም አስበው አያውቁም አለ። ይህን ሳነብ ባርኔጣዬን አውልቄ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። እውነት ነው የምላችሁ፤ ካፌ ውስጥ ነበርኩ።

ቆይቼ መልሼ አደረግኩት። 45 ዶላር እኮ ነው።

ጋሼ አሁን አይመጡም። እኔም ፓርኪንግ ከተውኩ ቆይቷል። ካቨርንስም በ2016 ተዘግቷል። ባለፈው ሰሞን ማታ ሳህን እያጠብኩ የመንክን ሸክላ አስጀመርኩ። ትልቋ ልጄ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ጃዝ ለሷ «የጥናት ሙዚቃ» ነው፤ ዩቲዩብ ላይ ዝናብና ድመት ካለበት ሥዕል ጋር የሚመጣ። አንገቷን ሳታነሳ ስትጽፍ ቆየች። ከዚያ ፒያኖው ያንን አንድ እርከን ሳተ። እስክሪብቶዋ ቆመ።

«አባ፣ ተሳሳተ እንዴ?»

እጄ አረፋ ነው። ጣቴን አነሳሁ።

«ቆይ» አልኳት።